ወርቁ በአንድ ቀን፣ ድንጋዩ በአምስት መቶ ዓመት፦ የፈረሱት የቤተ አምሐራ አብያተ ክርስቲያናት

ቤተ አምሐራ በሰሜን በበሽሎ፣ በምዕራብ በዓባይ፣ በደቡብ በወንጪትና በጃማ ሸለቆዎች የታጠረ ደጋ ነው። ዛሬ አብዛኛው በደቡብ ወሎ ዞን ውስጥ ሲሆን ቦረና፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ ለጋምቦ፣ አማራ ሳይንት እየተባለ በወረዳ ስም ይጠራል። የቦረናዋ ከተማ መካነ ሰላም ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ብዙም ሳትርቅ ተቀምጣለች። ከ1270 ጀምሮ የነገሠው የይኩኖ አምላክ ዘር መነሻው ከዚህ አገር ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚያ ነገሥታት ቋሚ መናገሻ አልነበራቸውም። ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ብዙ ዓመት ከመክረሙ በቀር ሁሉም ከነሠራዊታቸው በድንኳን እየተዘዋወሩ ይገዙ ነበር። ይኖሩ የነበሩት በድንኳን፣ የሚቀበሩት በድንጋይ ነው። እንዲጸና ብለው ያሠሩት ነገር ቢኖር ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ከነዚህም ስመ ጥሮቹ ደብረ ነጐድጓድ፣ አትሮንሰ ማርያም፣ ገነተ ጊዮርጊስና መካነ ሥላሴ በቤተ አምሐራ ተሠሩ። በጊዜው በነበረው መልክ ዛሬ የቆመ አንድም የለም።

ስለነዚህ ሕንፃዎች የተጻፈው ብዙ ነው። በግእዝ የነገሥታቱ ዜና መዋዕል፣ በዐረብኛ የዘመቻ ታሪክ፣ በፖርቱጋልኛ የመልእክተኞች መጽሐፍ አለ። በአንጻሩ ከመሬቱ የተነበበው እጅግ ጥቂት ነው። ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ ያለው የቁፋሮና የጥናት ክምችት ከቤተ አምሐራው ጋር ሲነጻጸር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ምክንያቱ የቦታው ታሪክ ማነስ አይደለም። ላሊበላ ከአለት ስለተፈለፈለ ቆሞ ይታያል፤ የቤተ አምሐራው ግን የተጠረበ ድንጋይና እንጨት ስለነበረ እሳትና ሰው ሊያፈርሱት ቻሉ፤ የፈረሰ ነገር ደግሞ ጎብኚም አጥኚም ፈጥኖ አይጠራም።

ደብርና ጉልት

በዚያ ዘመን ንጉሥ ያሠራው ደብር ከጸሎት ቤትነት ያለፈ ተቋም ነበር። ንጉሡ ካህናት ይሰበስብለታል፤ ለካህናቱ ጉልት ይሰጣል፤ በጉልቱ ላይ ያለው ገበሬ ግብሩን ለደብሩ ያገባል። ካህናቱም በተዝካሩ ቀን ስለ ንጉሡ ነፍስ ይጸልያሉ፣ መቃብሩን ይጠብቃሉ፣ መጻሕፍት ይጽፋሉ። የወርቅ መስቀሉ፣ ጽዋው፣ ከግብፅና ከህንድ የመጣው ሐር ሁሉ በዕቃ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። የሚዘዋወር ቤተ መንግሥት ብዙ ሀብት ይዞ መጓዝ ስለማይችል፣ የደብሩ ዕቃ ቤት የመንግሥቱ ግምጃ ቤት ሆኖ ማገልገሉ አይገርምም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው የግራኝ ጦር ደብሮቹን እየመረጠ የሄደውም ይህን አውቆ ነው።

ለቦታው አጥኚ ይህ ትልቅ ቁም ነገር አለው። እንዲህ ያለ ደብር ሲፈርስ የሚቀረው የአንድ ሕንፃ መሠረት ብቻ አይሆንም። ቅጽሩ አለ፤ ደጀ ሰላሙ አለ፤ የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርበት ቤተልሔም አለ፤ ዕቃ ቤቱ፣ የካህናቱ መንደርና መቃብሩም አሉ። መቅደሱ በእሳት ቢጠፋ የቤተልሔሙ አመድና ወፍጮ፣ የካህናቱ ሸክላ ሰባራ ከአፈር በታች ሊቆይ ይችላል። ስለ ወርቁ የጻፉ ብዙ ናቸው፤ ካህናቱ ምን እንደበሉ፣ በምን እንደጠጡ ሊናገር የሚችለው ግን መሬቱ ብቻ ነው።

መካነ ሥላሴ

መካነ ሥላሴን የጀመረው ከ1494 እስከ 1508 የነገሠው አፄ ናዖድ ነው። ሳይፈጽመው ስለሞተ ልጁ ልብነ ድንግል አስፈጸመው። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ሥራ በጠቅላላው ሃያ አምስት ዓመት እንደፈጀ ያጠፋው ጦር ታሪክ ጸሐፊ ሳይቀር መዝግቦታል። ናዖድ የተቀበረው በዚያው ነው።

ሕንፃው እንዳለቀ ከተመለከቱት መካከል የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ የነበረው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይገኝበታል። መልእክተኞቹ በ1520 መጥተው በ1526 ተመለሱ፤ የአልቫሬዝ መጽሐፍ በሊዝበን የታተመው በ1540 ነው። የሚገልጸው ቤተ ክርስቲያን ትልቅና ረጅም ነው፤ ግድግዳው በሥርዓት ከተጠረበ ነጭ ድንጋይ የተሠራ፣ ዋናው በር በብረታ ብረት ሰሌዳ የተለበጠና በፈርጥ ያጌጠ ነው። ዙሪያውን የሚከበው ሰቀላ የቆመው በእንጨት ምሰሶዎች ነበር፤ ቄሱ ቁመታቸውን ከመርከብ ምሰሶ ጋር አመሳስሎታል። ባሕር አቋርጦ የመጣ ሰው ያደረገው ንጽጽር ስለሆነ ክብደት አለው፤ የመርከብ ምሰሶ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል።

ሁለተኛው ምስክር ከሌላው ወገን ነው። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን (ግራኝን) ዘመቻ የጻፈው ሺሃብ አድ-ዲን፣ በተለምዶ ዐረብ ፈቂህ የሚባለው፣ «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» በተባለው መጽሐፉ ስለ መካነ ሥላሴ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። ከ1529ኙ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት በኋላ የልብነ ድንግል ኃይል ተዳከመ፤ በሐምሌ 1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ በጥቅምት በአምባ ሰል በተደረገው ውጊያ ንጉሡ ሲሸነፍ የቤተ አምሐራ በር ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የሆነው የቀናት ጉዳይ ነው። ጸሐፊው እንደሚተርከው ኢማሙ ከቅርብ ባልደረቦቹ ጋር ወደ ሕንፃው ሲገባ ዓይኑ ፈዘዘ፤ አብረውት የነበሩትን ዐረቦች በሮም አገርም ሆነ በህንድ እንዲህ ያለ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ ብሎ ቢጠይቃቸው አላየንም አልሰማንም አሉት። ከዚያ ወታደሩ በመጥረቢያ ወርቁን ከግድግዳው መላጥ ያዘ፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሕንፃው በእሳት ጋየ። ሃያ አምስት ዓመት የፈጀው ከአንድ ቀን አላለፈም።

ሁለቱ ምስክሮች በሃይማኖትም በዓላማም ተቃራኒ ሆነው ሳለ ስለ ሕንፃው ታላቅነት መስማማታቸው የመካነ ሥላሴን ታሪክ ከብዙ አፈ ታሪክ ይለየዋል። ይሁን እንጂ ሁሉን እንዳለ መቀበል አይገባም። ዐረብ ፈቂህ የሕንፃውን ቁመት ከመቶ ክንድ በላይ አድርጎታል። አንድ ክንድ በግምት ግማሽ ሜትር ቢሆን ቁመቱ ከ50 ሜትር ያልፋል ማለት ነው፤ ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት እንኳ 24 ሜትር ነው። በጭቃ ማያያዣና በእንጨት ጣሪያ የሚሠራ ቤት የሐውልቱን እጥፍ አይቆምም። የድል ታሪክ የተሸነፈውን ከፍ አድርጎ ድሉን ከፍ ያደርጋል፤ ዜና መዋዕሉም በበኩሉ የጌታውን ሥራ አያሳንስም። መሐል ላይ ያለውን ልክ ሊሰጥ የሚችለው የመሠረቱ ርዝመትና ስፋት ነው፤ ይህም በሜትር ተለክቶ በካርታ ላይ የሚሰፍር ነገር ነው።

የነጩ ድንጋይም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ምዕራባዊው የወሎ ደጋ በአብዛኛው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ነጣ ያለው ድንጋይ ብቅ ይላል። አልቫሬዝ ያየው ነጭ ድንጋይ ከየት ተቆፍሮ በማን ትከሻ እንደወጣ በጽሑፍ አይገኝም። የሥነ ምድር ባለሙያ ግን ከግድግዳው የቀረ አንድ ጥራቢ ቢያገኝ ከሸለቆው ካባ ጋር አነጻጽሮ ሊወስነው ይችላል።

አትሮንሰ ማርያም

አትሮንስ በግእዝ ዙፋን፣ መንበር ማለት ሲሆን በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሚዘረጋበት መቆሚያም በዚሁ ስም ይታወቃል። አትሮንሰ ማርያምን ያሠራው ከ1468 እስከ 1478 የነገሠው በእደ ማርያም ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚያስረዳው ንጉሡ ደብሩን የነገሥታት መካነ መቃብር ለማድረግ አስቦ የቀደሙትን ነገሥታት አጽም አስፈለሰበት። አንድ ሥርወ መንግሥት ሙታኑን በአንድ ቦታ ሲሰበስብ ለሕያዋኑም የሚናገረው አለው፤ ዘሩ አንድ ነው፣ አገሩም ይህ ነው ማለቱ ነው።

ደብሩ በሥዕል ታሪክም ስሙ ይነሣል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከቬኒስ የመጣው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዮን፣ በአገሩ ሰው መርቆሬዎስ የተባለው፣ እስከ ልብነ ድንግል ዘመን ድረስ ለአሥርተ ዓመታት በኢትዮጵያ ኖሯል፤ አልቫሬዝም አግኝቶታል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው ብራንካሌዮን ለአትሮንሰ ማርያም እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ እንደታቀፈች አድርጎ ሣላት። በአውሮፓ የተለመደው ይህ አሣሣል እዚህ ሁከት አስነሣ፤ ግራ የንቀት ወገን ነውና ጌታን በግራ ማስታቀፍ ድፍረት ተባለ። የጊዜው ንጉሥ ግን ሠዓሊውን ደግፎ ሥዕሉ በቦታው እንዲቆይ አደረገ። በብሩስ አባባል ሥዕሉ የጠፋው በ1709 በኦሮሞ ጦር እጅ ነው።

ይህ ታሪክ አንድ ጥያቄ ያስከትላል። የፉቱሕ ጸሐፊ አትሮንሰ ማርያም በ1531 ተዘርፎ ተቃጠለ ይላል። ብሩስ ደግሞ ሥዕሉን እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ያቆየዋል። ወይ ሥዕሉ አስቀድሞ ሸሽቶ በኋላ ተመልሷል፣ ወይ ቤተ ክርስቲያኑ ከእሳቱ በኋላ ታድሷል፣ ወይ ከሁለቱ ትረካዎች አንዱ ተዛብቷል። በፍርስራሹ ውስጥ አንድ የቃጠሎ ንብርብር ብቻ ይገኝ ይሆን ወይስ ሁለት? ጥያቄው በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚፈታ አይደለም። ሠዓሊው ራሱ ግን አፈ ታሪክ አለመሆኑ ተረጋግጧል፤ በጎጃም በዋፋ ኢየሱስ ያለውን ሥራውን ተመራማሪዋ ዳያና ስፔንሰር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለዕውቀት ዓለም አስታውቃለች።

ድንጋዩ እንዴት ይነበባል

የቤተ አምሐራ ደብሮች ምን ይመስሉ እንደነበር ለመገመት ዓባይን መሻገር ይጠቅማል። ከመካነ ሰላም ማዶ፣ በምሥራቅ ጎጃም፣ የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ አለ። ቤተ ክርስቲያኑን በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠራችው ንግሥት እሌኒ ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኢየሱሳውያን ቄስ ብሩኖ ብሩኒ አሳድሶት ነበር። ግድግዳው ከፊሉ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ በአበባና በሐረግ የተቀረጸው ድንጋዩ የልብነ ድንግል ዘመን ጠራቢዎች ምን ይችሉ እንደነበር ያሳያል። እንዲህ ያለውን ቅርጽ ማን አመጣው በሚለው ምሁራን አይስማሙም። ከህንድ ወይም ከግብፅ የመጡ እጆች አሉበት የሚሉ አሉ፤ የአገር ውስጥ ጠራቢ የወረሰውን ጥበብ አሳድጎት ነው የሚሉም አሉ። መካነ ሥላሴ የተሠራው በዚያው ትውልድ ነውና በአንዱ የሚገኘው ለሌላው ማስረጃ ይሆናል።

የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ዕድሜ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ማያያዣው ነው። ኖራ በኢትዮጵያ ግንብ ውስጥ የተስፋፋው በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኢየሱሳውያኑና በጎንደር ነገሥታት ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ግንቦች በአብዛኛው በጭቃ ይያያዙ ነበር። ስለዚህ ገበሬ «የግራኝ ዘመን» የሚለው ግንብ ኖራ ከተገኘበት ቢያንስ ያ ክፍሉ ከግራኝ በኋላ የታነጸ ነው። ሌላው መለያ የመሠረቱ ቅርጽ ነው። ዛሬ በገጠር የሚታየው ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ እንደ ቀለበት የተከበቡበት፣ የገነነው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው፤ የቀደሙት ዓይነተኛ ሕንፃዎች አራት ማዕዘን ነበሩ። በክብ ቤተ ክርስቲያን ሥር አራት ማዕዘን መሠረት መገኘት የቦታውን ዕድሜ ወደ ኋላ ይገፋዋል።

ቃጠሎም ፊደል አለው። እሳት የበላው ሕንፃ ከሰል፣ የተሰነጠቀ ድንጋይ፣ እንደ ሸክላ የጠነከረ ጭቃ ይተዋል። ከሰሉ በራዲዮካርቦን ይለካል፤ ነገር ግን የሚለካው ዛፉ የኖረበትን እንጂ ቤቱ የተቃጠለበትን ዘመን አይደለም። ሁለት መቶ ዓመት የኖረ ጽድ ለአግዳሚ ተቆርጦ ከሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጠንቃቃ አርኪዮሎጂስት በዚህ ምክንያት ከአግዳሚው ይልቅ በአንድ ክረምት በቅሎ በአንድ በጋ የታጨደ የእህል ፍሬ ይመርጣል። በቤተልሔሙ አካባቢ የሚገኝ የከሰለ የስንዴ ፍሬ ከሥጋ ወደሙ ኅብስት የተረፈ ሊሆን ይችላል፤ ለዘመን ቆጠራም ከወርቅ የበለጠ ዋጋ አለው።

ይህ ሁሉ የሚቻል መሆኑን በመንዝ የተሠራው ሥራ አሳይቷል። በመሻላ ማርያም አካባቢ ገብርኤል በሚባለው ቦታ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽና መቃብሩን ቆፍረው አጥንተዋል። በማሪ-ሎር ደራና በአን-ማሪ ዡካን አዘጋጅነት በ2012 የታተመው ጥናት ከ15ኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ያለውን የቦታውን ታሪክ ይዟል። ከዜና መዋዕሉ ይልቅ ከመሬቱ የተነሣ የአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ማለት ነው። ደራ ስለ ቤተ አምሐራና ስለ ሸዋ የንጉሥ ደብሮች የጻፈችው መጽሐፍ ቀደም ሲል በ2003 ወጥቷል። ለደቡብ ወሎው ምዕራብ እንዲህ ያለ በስፋት የተቆፈረና የታተመ ቦታ ገና አልተገኘለትም።

ስሙ ሲጠፋ ቦታው ይጠፋል

ከእሳቱ በኋላ የሆነው ከእሳቱ አይተናነስም። ልብነ ድንግል በ1540 በስደት ሞተ፤ ኢማም አሕመድ በ1543 በወይና ደጋ ወደቀ። የልብነ ድንግል ተተኪ ገላውዴዎስ ሲነግሥ በሳይንት ተድባበ ማርያምን አሳነጸ፣ ካህናትም ሰበሰበበት። በቦታው ትውፊት ግን ተድባበ ማርያም ከክርስትና በፊት መሥዋዕተ ኦሪት የተሠዋበት ነው። ደብሩ እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ቤተ አምሐራ ከነገሥታቱ ዘመን ያተረፈችው ትልቅ ቅርስም እርሱ ነው። ሌሎቹ ዕድላቸው አልቀናም። ቤተ መንግሥቱ ወደ ጣና፣ ኋላም ወደ ጎንደር ዞረ። መቃብር የሚጠብቅ ንጉሥ ከሌለ ጉልት የሚያጸና የለም፤ ጉልት ከሌለ ካህን አይቀመጥም።

ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የኦሮሞ ጎሳዎች ወደ ደጋው ወጥተው ሰፈሩ። የአገሩ ስምም ተለወጠ፤ ቦረና የሚለው ስም ራሱ ከነዚህ ሰፋሪዎች የመጣ ነው። ዜና መዋዕል የሚጠራው አውራጃ በካርታ ላይ ሲፈለግ የማይገኘው ስለዚህ ነው። እስልምና በአካባቢው ሥር ሰደደ፤ ዛሬ በደቡብ ወሎ የሚበዛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ የፈረሰው ደብር ቦታም በብዙ ሥፍራ የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች የሚያርሱት፣ ከብት የሚያግዱበት መሬት ሆኗል። የ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ደግሞ ተገላቢጦሽ አመጣ፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን መኳንንት ካስጠመቁ በኋላ አዳዲስ ታቦታት ገቡ፣ አብያተ ክርስቲያናትም ተተከሉ። በአሮጌ መሠረት ላይ የተተከለ አዲስ ቤተ ክርስቲያን የቦታውን መታሰቢያ ያድናል፤ ዕድሜውን ግን ይሸፍናል። ጣውላውን ከአዲሱ፣ ድንጋዩን ከአሮጌው የወሰደ ግንብ ለአጥኚ እንቆቅልሽ ነው።

በሕዝቡ ትረካ የፈረሰ ነገር ሁሉ ግራኝ ያፈረሰው ነው። ትረካው መሠረት ቢኖረውም ከልኩ አልፏል። የሣር ክዳን በመብረቅ ይቃጠላል፤ የእንጨት አግዳሚ በምስጥ ያልቃል፤ ጣሪያ የሌለው የጭቃ ግንብ ክረምት ሲደጋገምበት ይናዳል። ካህናቱ ከተበተኑ በኋላ በሃምሳና በስድሳ ዓመት ውስጥ በራሱ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት አይሆንም። ሁሉን ለአንድ ሰው ማሸከም የሰውየውን ስም ማክበጃ ከመሆኑ ሌላ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት አራት መቶ ዓመታት ደብሮቹን ማን እንደጣላቸው እንዳይጠየቅ መሸሸጊያ ሆኗል።

ሁለተኛው ዝርፊያ

ቤተ አምሐራ በእሳትና በዝርፊያ የታወቀችው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 የያዙት የመቅደላ አምባ የግምጃ ቤታቸው ሆነ፤ በአምባው ላይ ለመድኃኔ ዓለም ሊያሠሩት ላሰቡት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ይህ ሁሉ ተዘረፈ። የተዘረፈው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጠ፤ ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ወደ ብሪትሽ ሙዚየም ሄዱ። የአምባው ቤቶችና ቤተ ክርስቲያኑ ከመልስ ጉዞው በፊት ተቃጠሉ። ዛሬ ብሪትሽ ሙዚየም 11 ታቦታት ይዟል፤ ለሕዝብ አያሳይም፣ ለተመራማሪም አይሰጥም። በኤድንበራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን የተገኘ ታቦት በ2002 ተመልሷል።

መቅደላና መካነ ሥላሴ በ337 ዓመት ይለያያሉ። የመቅደላው ዘረፋ ግን ዝርዝር አለው፤ ምን እንደሄደ፣ ወዴት እንደሄደ፣ በማን እጅ እንዳለ ይታወቃል፤ ጥያቄውም ያለማቋረጥ ይቀርባል። የመካነ ሥላሴው ወርቅ ቀልጦ ከዓለም ወርቅ ጋር ተቀላቅሏል፤ አይጠየቅም አይመለስም። ከርሱ ሊመለስ የሚችለው ድንጋዩ ብቻ ነው፤ እርሱም ወደ ውጭ አገር አልሄደም። ሄዷል ከተባለም የሄደው ወደ አጥር፣ ወደ ቤት መሠረት፣ ወደ እርከን ነው። ጥራብ ድንጋይ ለገበሬ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ዕቃ ነው፤ ሳይጠርብ ያነሳዋል። የመካከለኛው ዘመን ፍርስራሽ ባለበት አገር ሁሉ፣ በአውሮፓም ጭምር፣ ገዳማት የፈረሱት በዚህ መንገድ ነው።

ጥበቃው በማን እጅ ነው

በሕግ በኩል ክፍተት የለም ማለት ይቻላል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ያለ ፈቃድ እንዳይደረግ ይከለክላል፤ በመንገድ፣ በግንባታ ወይም በማዕድን ሥራ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና ቅርሱን እንዲጠብቅ ያዛል። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይባላል፤ በክልሉም በዞኑም የባህልና ቱሪዝም መዋቅር አለ። ችግሩ አዋጁ የሚደርስበትና ፍርስራሹ ያለበት ቦታ መራራቁ ነው። ተራራ ላይ ያለ የድንጋይ ክምር በመዝገብ ካልሰፈረ የሚጠብቀው የለም፤ ለመመዝገብ ደግሞ የሚያውቀው ሰው ሊያይ፣ ሊለካና ሊያነሳው ይገባል። ያለፉት ዓመታት የጸጥታ ሁኔታም የመስክ ሥራን የበለጠ አርቆታል።

ቤተ ክርስቲያንም የራሷ ሥርዓት አላት። ታቦት የቆመበት መሬት ታቦቱ ቢነሳም ቅዱስ ነው፤ የመቅደሱን ቦታ ካህን ያልሆነ አይረግጠውም፤ የሙታን አጥንት ያለ ፈቃድ አይነሳም። ይህ ለቁፋሮ እንቅፋት መስሎ ይታያል፤ በእውነቱ ግን ብዙ ፍርስራሾችን እስከ ዛሬ ያቆየው ይኸው ክልከላ ነው። ጽዱና ወይራው ያልተቆረጠው፣ ማረሻ ያልገባው ቅጽሩ ስለሚፈራ ነው። ጥሩ ጥናት ከቄሱና ከአካባቢው ሽማግሌ ፈቃድ ይጀምራል፤ በወሎ ደግሞ ያ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ሙስሊም ሊሆን ይችላል።

አዲስ ነገር ቢኖር ምርምሩ የሚነሣበት ቦታ መቅረቡ ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም በደሴ ይገኛል። የታሪክና የቅርስ ትምህርት ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ በፍርስራሾቹ ደጃፍ ሲከፈት ይህ በቤተ አምሐራ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ከአውሮፓ የመጣ ቡድን አንድ በጋ ቆፍሮ ይሄዳል። በቅርብ ያለ መምህርና ተማሪ ግን በየወረዳው እየዞረ የድንጋዩን ክምር በጂፒኤስ ሊያሰፍር፣ በአጥር ውስጥ የገባውን ቅርጽ ፎቶ ሊያነሳ፣ የሽማግሌውን ቃል ሊመዘግብ ይችላል። ለዚህ ቁፋሮ አያስፈልግም፤ ወጪውም የብዙ ዓመት በጀት አይጠይቅም።

በቤተ አምሐራ ደጋ የሚያርስ፣ ቤት የሚሠራ ወይም መንገድ የሚጠርግ ሰው አበባ፣ ሐረግ ወይም መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ ቢያገኝ ባለበት ይተወው፤ ፎቶ አንስቶ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ጌጥ ነው፤ በቦታው ያለ ድንጋይ ግን የአንድ ሕንፃ ማዕዘን ሊሆን ይችላል።